መብራቱ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው፦ በዩቪ የሚነቃ መድኃኒትን በሴል ላይ እንዴት እንሞክር?

«ሁሉም ሞተዋል» አለኝ ተማሪዬ። ሰኞ ጠዋት ነው፣ ባሕር ዳር፣ ላብ ውስጥ። ቡናዬን እንኳ አልጨረስሁም።

«መድኃኒት ያልሰጠሃቸውስ?»

«እነሱም ጋሼ። እነሱማ ብሰዋል።»

ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልሁ። ዲሹ ላይ ተለጥፈው መኖር የነበረባቸው ሴሎች ክብ ሆነው ተኮማትረዋል። ፈሳሹ ላይ እንደ ገለባ ይንሳፈፋሉ። በየትኛው መብራት እንዳበራባቸው ስጠይቀው የሁዱን (ሴል የምንሠራበትን ንጹሕ ሣጥን) ጣሪያ በጣቱ አሳየኝ። ሥራ ስንጨርስ ጀርም እንዲገድል የምናበራው መብራት!

«ዩቪ ይላል እኮ፣ ተጽፎበታል» አለ።

እውነቱን ነው፣ ተጽፎበታል። ጥፋቱም የእኔ ነው። «መድኃኒቱን ስጣቸውና ዩቪ አብራባቸው» ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። የትኛውን ዩቪ (ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር) እንደሆነ አልነገርሁትም።

ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ የምነግረውን ነው እዚህ የማስቀምጠው። ሴል ማሳደግና ፒፔት መያዝ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። ምሳሌዬ ሶራለን የሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ነው፤ በተለይ 8-ሜቶክሲሶራለን፣ ባጭሩ 8-ሞፕ። መድኃኒታችሁ ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

ከመጀመራችን በፊት፦ ጤና አዳምና ምች

ልጅ ሳለሁ ዳንግላ ላይ ከጓሮ ጤና አዳም እየቀነጠስሁ ለቡና የማቀብል እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ቅጠሉን በእጄ ሳሽ ቆይቼ፣ ሳልታጠብ፣ በቀትር ከብት ይዤ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን የእጄ ጀርባ ቀላ። ከዚያ ውሃ ቋጠረ። «ምች መታው» ተባለና ዳማከሴ ታሸልኝ። ቁስሉ ሲደርቅ ጥቁር ምልክቱ ለሳምንታት አልለቀቀኝም።

ምች አልነበረም። ጤና አዳም ውስጥ ሶራለኖች አሉ። ቅጠሉን ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ፣ ምንም አላደረገኝም። ፀሐይ ላይም ስውል ነው ያደግሁት። ቆዳዬን ያቃጠለው የሁለቱ መገናኘት ነው።

ዓባያችን ወርዶ በሚደርስበት ግብፅ አሚ ማጁስ የሚባል ተክል አለ፤ ለለምጽ መድኃኒት ሲሆን የኖረ ነው። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ኤል ሞፍቲ የተባሉ የካይሮ ሐኪም ከዚህ ተክል የወጣውን 8-ሞፕ ለለምጽ ታማሚዎች ከፀሐይ ጋር መስጠት ጀመሩ። በ1974 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ፓሪሽ፣ ፊትዝፓትሪክና ባልደረቦቻቸው ፀሐይዋን በዩቪኤ መብራት (አንዱ የዩቪ ዓይነት ነው፣ ደረጃ 1 ላይ እናየዋለን) ተክተው ሶሪያሲስ የተባለውን የቆዳ በሽታ አከሙ። ፑቫ የሚባለው ሕክምና ይህ ነው። በ1987 ኤደልሰንና ባልደረቦቹ የታማሚውን ነጭ የደም ሴሎች ወደ ውጭ አውጥተው፣ በ8-ሞፕና በዩቪኤ አክመው መልሰው መስጠት ቆዳ ቲ-ሴል ሊምፎማ ለተባለው ካንሰር እንደሚረዳ አሳዩ። ልብ በሉ፦ ነገሩ የሚለካ ሕክምና የሆነው መብራት የፀሐይን ቦታ ሲይዝ ነው።

ሴሉ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። 8-ሞፕ ጠፍጣፋ ሞለኪውል ነው። በዲኤንኤ መሰላል ደረጃዎች መካከል ይሸጎጣል። ጨለማ ከሆነ ይገባል፣ ይወጣል፣ ጣጣ የለውም። አንድ የዩቪኤ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ሲያገኘው በአንዱ ክር ላይ ካለ ታይሚን (ከዲኤንኤ ፊደሎች አንዱ) ጋር ይጣበቃል። ሁለተኛ ፎቶን ከደገመው ደግሞ በሌላኛው ጫፉ የተቃራኒውን ክር ታይሚን ይይዛል። ዚፕ ላይ መርፌ ቁልፍ እንደ መሰካት ቁጠሩት። ሴሉ ለመባዛት ዚፑን ሊከፍት ሲል መርፌ ቁልፉ ጋ ይቆማል።

ሁለት ፎቶን፣ ሁለት ደረጃ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ደረጃ 1፦ መብራቱን በሞገድ ርዝመቱ እወቁት

«ዩቪ» የአንድ ነገር ስም አይደለም። ከ100 እስከ 280 ናኖሜትር ያለው ዩቪሲ ነው፣ ከ280 እስከ 315 ዩቪቢ፣ ከ315 እስከ 400 ዩቪኤ። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር የእያንዳንዱ ፎቶን ጉልበት ይጨምራል። 1240ን በናኖሜትሩ አካፍሉት፣ ጉልበቱን በኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣችኋል። 254 ናኖሜትር ላይ 4.9 ገደማ፣ 365 ላይ 3.4 ገደማ ይመጣል።

ዋናው ጥያቄ ግን ጨረሩን ማን ይውጠዋል የሚለው ነው። ዲኤንኤ ራሱ 260 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አጥብቆ ይውጣል። ስለዚህ ዩቪሲ መድኃኒት አይጠብቅም። ጎን ለጎን ያሉ ታይሚኖችን እርስ በርስ አጣብቆ ሴሉን በራሱ ይገድላል። ዩቪኤን ግን ዲኤንኤ እምብዛም አይነካውም፣ 8-ሞፕ ነው የሚውጠው። ስለዚህ በዩቪኤ የሞተው ሴል በመድኃኒቱ ምክንያት ሞተ ለማለት መንገድ አለን። በዩቪሲ ከሞተ ምንም ማለት አንችልም።

እንግዲህ በከተማችን እጅ ላይ የሚገኙትን መብራቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

የሁዱ መብራት። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ መብራት ነው፣ የሚያወጣው በአብዛኛው 254 ናኖሜትር። የተማሪዬን ሴሎች የፈጀው እሱ ነው። ሌላም ጉድ አለበት፦ 254 ናኖሜትር ሶራለን በሁለቱ ክሮች መካከል የሠራውን ማያያዣ መልሶ ሊፈታው ይችላል። እየገደለ የመድኃኒቱን ሥራም ያፈርሳል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ አትንኩት።

የብር ማያ መብራት። ሱቅና ባንክ ቤት ኖቱን የሚያዩባት ሐምራዊ መብራት አብዛኛውን ጊዜ 365 አካባቢ ናት። ዓይነቷ ትክክል ነው፣ አቅሟ ግን ደካማ። አንድ ፕሌት (ሴሎቹ የሚያድጉበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ላይ እኩል አታበራም። አሠራሩን ለመለማመድ ትሆናለች እንጂ ለመረጃ አትሆንም።

የጥፍር ማድረቂያ። ይህችን አንዲት ተማሪ ከእህቷ የውበት ሳሎን ይዛ መጣች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አሰብሁበት። ብዙዎቹ የጄል ማድረቂያዎች 365 እና 405 ናኖሜትር የሚያወጡ ኤልኢዲዎችን ቀላቅለው ይይዛሉ። 405 የሚታይ ብርሃን ነው፣ ሶራለንን በአንድ በኩል ብቻ እንዲጣበቅ ያደርገዋል፤ ሁለተኛውን ደረጃ ለማስኬድ ደካማ ነው። ስለዚህ ቅልቅሉ ምን ያህል እንደሆነ ካላወቃችሁ ውጤታችሁም ምን እንደሆነ አታውቁም። ሐሳቡ ግን ብልህ ነበር።

የፑቫ ቲዩብ። ሐኪም ቤት ያለው የፍሎረሰንት ዓይነት ነው። ከ320 እስከ 400 ተዘርግቶ ጫፉ 352 አካባቢ ነው። 8-ሞፕ በቆዳም በሴልም ላይ አጥብቆ የሚሠራው ከ320 እስከ 340 ባለው ክልል ስለሆነ ቲዩቡ ይህን በከፊል ይሸፍንለታል።

365 ኤልኢዲ። ጠባብ ነው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብዙ አይፈስም፣ ቶሎ ይበራል፣ ሜርኩሪ የለበትም። ችግሩ ሶራለን 365 ላይ የሚውጠው 330 ላይ ከሚውጠው ያነሰ መሆኑ ነው።

311 ናኖሜትሩ ጠባብ ባንድ ዩቪቢ ቲዩብ ደግሞ ለለምጽና ለሶሪያሲስ ያለ መድኃኒት የሚሰጥ ነው። ከፑቫ ቲዩብ ጋር በመልክ ይመሳሰላል። ጫፉ ላይ የታተመውን ቁጥር ሳታነቡ አትግጠሙት።

ፀሐይስ? ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ ዩቪ ከ10 በመቶ ያላነሰ ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ደግሞ ከእኛም ትበልጣላችሁ። ግን ደመና አለ፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ዩቪቢም ተቀላቅሎበታል። ፀሐይን ምንጭ አድርጋችሁ አትጠቀሙባት፤ ይልቅ ጠላት አድርጋችሁ ቁጠሯት። መድኃኒታችሁን በመስኮት አጠገብ አታዘጋጁ።

የእኔ ምርጫ? ውጤታችሁን ከሕክምናው ጋር ለማወዳደር ከሆነ የፑቫ ቲዩብ። ሴሉ ውስጥ ያለውን ሂደት ለመረዳት ከሆነ ኤልኢዲ። ሁለቱንም ማግኘት ካልቻላችሁ ያገኛችሁትን በደንብ ለኩት፤ ከጥሩ ያልተለካ መብራት መካከለኛ የተለካ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የሚያፈሰውን ዝጉበት

ዩቪኤ ቲዩብ ጥቂት ዩቪቢ ሊያፈስ ይችላል። «ጥቂት ነው» ብሎ መተው ያሳስታል። ቆዳን በማቅላት ረገድ ዩቪቢ ከዩቪኤ ወደ 1000 እጥፍ ይበረታል። አንድ በመቶ የማይሞላ ዩቪቢ ሙሉውን ዩቪኤ ሊያስንቅ ይችላል ማለት ነው። ሴል ላይም ዩቪቢ ዲኤንኤን በቀጥታ ይጎዳል፣ እናንተም የመድኃኒቱ ሥራ ይመስላችኋል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። መስታወት ቤት ሂዱና ከተራ የመስኮት መስታወት የፕሌቱን ስፋት የሚያህል አስቆርጡ፣ ጠርዙን አስሞርዱት። በመብራቱና በፕሌቱ መካከል አስቀምጡት። ተራ መስታወት አብዛኛውን ዩቪቢ ይይዛል፣ አብዛኛውን ዩቪኤ ያሳልፋል። የፕሌቱ ፕላስቲክ ክዳን ይበቃል የሚል ሰው አለ። አይበቃም። ፖሊስታይሪን የሚያስቀረው ከ290 በታች ያለውን ነው፤ ከ300 በላይ ያለው ዩቪቢ ያልፋል።

ደረጃ 3፦ ሴሉ ባለበት ቦታ ለኩ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የመብራቱ ሳጥን ላይ የተጻፈው ዋት ከግድግዳ የሚስበው ኤሌክትሪክ ነው። ሴሉ ላይ የሚያርፈውን አይነግራችሁም። እናንተ የምትፈልጉት በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ስንት ሚሊዋት እንደሚያርፍ ነው። ለዚህ የዩቪ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው ለየትኛው የሞገድ ርዝመት እንደተስተካከለ እዩ። ለ365 የተስተካከለ መለኪያ የተዘረጋ ቲዩብ ላይ ሲቀመጥ ቁጥሩ ይዛባል። መለኪያውን ከመብራቱ ጋር አጋቡት እላለሁ እኔ። አንዱን ከሌላ ባለቤት ጋር አታስቀምጡ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መብራቱን አብሩና ቲዩብ ከሆነ 15 ደቂቃ ጠብቁት። ቲዩብ ሲሞቅ ነው የሚረጋው። ኤልኢዲ ግን በተቃራኒው መጀመሪያ ደምቆ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ እሱንም እስኪረጋ ታገሱት። መስታወቱን በቦታው አድርጉ። የመለኪያውን ዓይን ሴሎቹ በሚቀመጡበት ከፍታ ላይ አኑሩት፤ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጣችሁት ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ የፕሌቱን ክዳን በዓይኑ ላይ ደፍታችሁ ለኩ፤ ክዳኑን አንሥታችሁም ለኩ። ልዩነቱን ጻፉ።

አንድ ጊዜ ለክቶ መተው የለም። የፕሌቱን ስፋት በወረቀት ላይ ሥሉና 9 ቦታ ለኩ፦ አራቱ ማዕዘን፣ አራቱ ጎን፣ መሃል። እንጀራ ጋግራችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እሳቱ ካልተዘረጋ መሃሉ ያርና ዳሩ ጥሬ ይሆናል። ፕሌትም እንዲሁ ነው። በመሃልና በዳር መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ፕሌቱን ወደ ታች አርቁት፣ ወይ ዳር ያሉትን ዌሎች (ጉድጓዶች) ባዶ ተዉአቸው። እኔ ዳሩን ሁልጊዜ ባዶ እተወዋለሁ፤ ዳር ያለው ሚዲያ (የሴሉ ምግብ ፈሳሽ) ቶሎ ስለሚተንም ነው።

መለኪያ ከሌላችሁስ? ኬሚስትሪ ክፍል ወዳጅ ካላችሁ በፖታሲየም ፌሪኦክሳሌት መለካት ይቻላል። ብርሃን ሲያገኝ ብረቱ ይቀየራል። የተቀየረውን በስፔክትሮፎቶሜትር ታነባላችሁ። 365 አካባቢ አንድ ፎቶን በአማካይ 1.2 ያህል የብረት አዮን ይቀይራል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ፎቶኖቹን ትቆጥራላችሁ። አድካሚ ነው፣ ግን ከመለኪያ የበለጠ የሚታመንበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን አስሉ

የብርሃን መጠን ማለት ጥንካሬ በሰከንድ ተባዝቶ ነው። ሚሊዋት በሰከንድ ስታባዙ ሚሊጁል ይሆናል፣ 1000 ሚሊጁል አንድ ጁል ነው።

ክዳኑን አንሥታችሁ 2.5 ሚሊዋት በስኩዌር ሴንቲሜትር አገኛችሁ እንበል። 1 ጁል ለመስጠት 1000 ለ2.5 ሲካፈል 400 ሰከንድ። ክዳኑ ሲደፋ 2.1 ከሆነ ግን 476 ሰከንድ ያስፈልጋል። 76 ሰከንድ ልዩነት! ክዳን ከፍተው የሠሩና ዘግተው የሠሩ ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሙከራ ሠርተናል ብለው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ሙከራው ነው ሁለት የሆነው።

እኔ በክዳን ነው የምሠራው። ሴሉ ከብክለት ይጠበቃል፣ መጠኑም እስከ ተለካ ድረስ ምንም አይጎድልም። በ2.1 ሚሊዋት ስሌቱ እንዲህ ይወጣል፦ ለ0.25 ጁል 119 ሰከንድ፣ ለ0.5 ጁል 238፣ ለ1 ጁል 476፣ ለ2 ጁል 952።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቱና ሴሉ

8-ሞፕ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። 2.16 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ (ማሟሚያ ፈሳሽ) ብታሟሙት 10 ሚሊሞላር ይሆናል። በፎይል ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ከዚህ አንዱን እጅ ከ1000 ስታቀጥኑ 10 ማይክሮሞላር ታገኛላችሁ፣ ዲኤምኤስኦውም 0.1 በመቶ ብቻ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ 0.1፣ 0.3፣ 1፣ 3 እና 10 ማይክሮሞላር በቂ ዝርዝር ነው። ዲኤምኤስኦው በሁሉም ዌል እኩል ይሁን፣ ዜሮው ዌል ውስጥም ጭምር።

ሴሎቹን ከመድኃኒቱ ጋር በኢንኩቤተር፣ በጨለማ 30 ደቂቃ አቆዩ። በዚህ ጊዜ ሴረሙን ቀንሱ፣ ሴረሙ ውስጥ ያለው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መድኃኒቱን ይይዘዋልና።

ቀጥሎ ሚዲያውን አስወግዳችሁ በፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) ተኩ። ይህን የሚዘል ብዙ ሰው አለ። ሚዲያ ውስጥ ያለው ራይቦፍላቪን ዩቪኤ ሲያገኘው ከትሪፕቶፋን ጋር ሆኖ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሠራል፣ እሱ ራሱ ሴል ይገድላል። ቀዩ የፌኖል ቀለምም ብርሃን ይሻማል። ፒቢኤሱ ውስጥ ግን ያንኑ መጠን መድኃኒት መልሳችሁ ጨምሩ። 8-ሞፕ ገና ስላልተጣበቀ ንጹሕ ፒቢኤስ ካገኘ ከሴሉ ወጥቶ ይሄዳል። «አጠብሁት፣ አበራሁበት፣ ምንም አልሆነም» የሚል ጥያቄ ከደረሰኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ደረጃ 6፦ ማብራት

አራት ቡድን ያስፈልጋችኋል፦ መድኃኒትም ብርሃንም የሌለው፣ መድኃኒት ብቻ፣ ብርሃን ብቻ፣ ሁለቱም ያለው። ተማሪዬ ያን ሰኞ ነፍሱን ያዳነው ብርሃን ብቻ ያገኘውን ቡድን መሥራቱ ነው። እሱ ባይኖር «መድኃኒቱ ግሩም ይሠራል» ብለን ነበር።

ጨለማዎቹ ቡድኖች ኢንኩቤተር ውስጥ አይቀመጡ። በፎይል ተሸፍነው እዚያው መብራቱ ሥር፣ በዚያው ፒቢኤስ፣ ለዚያው ደቂቃ ይቀመጡ። ሙቀቱና ርሃቡ ለሁሉም እኩል ይሁን። ፕሌቱ አጠገብ ቴርሞሜትር አድርጉ፤ መብራቱ ፕሌቱን ካሞቀ ሴሉ በሙቀት ነው የሞተው።

መብራቱን እያበሩና እያጠፉ ሰዓት መያዝ አይሠራም። መብራቱ እንደበራ ይቆይ፣ መጋረጃው ይከፈት ይዘጋ። የእኛ መጋረጃ ጥቁር የተቀባ ካርቶን ነው። ብዙ መጠን በአንድ ፕሌት ላይ ለመስጠት ዓምዶቹን በየተራ ሸፍኑ፦ የመጀመሪያው ከመነሻው ይሸፈን፣ ሁለተኛው በ119 ሰከንድ፣ ቀጣዩ በ238፣ እንዲህ እያለ። በመካከላቸው አንድ አንድ ዓምድ ባዶ ተዉ፣ ብርሃን በጎን ይሾልካል። ፎይሉ ላይም ጥቁር ወረቀት ደርቡበት፣ አለዚያ እንደ መስታወት እያንጸባረቀ ለጎረቤቱ ያካፍላል።

አሁን ደግሞ የሁላችንም ጣጣ፦ መብራት ይጠፋል። 300ኛው ሰከንድ ላይ ድርግም ሲል ስንት ጊዜ አንጀቴ አርሯል። ሰዓቱን ወዲያው ጻፉ፣ ፕሌቱን ሸፍኑ። በመርህ ደረጃ ጁሉ ይደመራል፣ የቀረውን መጨመር ይቻላል። ግን ቲዩቡ እስኪሞቅና እስኪረጋ ሴሉ ጥገና ይጀምራል። እኔ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ እጥለዋለሁ። ዩፒኤስ ካለ እሱን አስቀድሙ። ኃይሉ ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ስታቢላይዘር ሳታደርጉ አትጀምሩ፤ የቮልቴጁ መዋዠቅ የብርሃኑንም ጥንካሬ ያዋዥቀዋል።

ስትጨርሱ እጠቡ፣ አዲስ ሚዲያ ስጧቸው፣ ወደ ኢንኩቤተር።

ስለ ራሳችሁ፦ ሙሉ ፊት የሚሸፍን የዩቪ መከላከያ፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ። በጓንቱና በእጅጌው መካከል ያለችው አንጓ ናት ሁልጊዜ የምትቃጠለው። 8-ሞፕ የነካችሁ ከሆነ ታጥባችሁ እንኳ ያን ቀን ፀሐይ አትሙቁ። ሶራለን ከዩቪኤ ጋር ሲጣመር በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፣ ቆሻሻውንም እንደዚያው ያዙት። ቤት ውስጥ ለለምጽ ብላችሁ ጤና አዳም ወይ ሎሚ ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ እንዳትወጡ። መጠኑን የሚለካላችሁ የለም፣ የሚተርፋችሁ ቃጠሎ ነው።

ደረጃ 7፦ ቆይታችሁ አንብቡ

በሁለተኛው ሰዓት ብታዩ ሴሎቹ ደህና ይመስላሉ። መርፌ ቁልፉ የሚይዘው ዚፑ ሲከፈት ነው ብለናል። በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት አንብቡ። ኤምቲቲ የሚባለው የሴል መኖር ምርመራ ፈጣን ነው፣ ግን የሚለካው ሴሉ መተንፈሱን ነው፤ መባዛት ያቆመ ሴልም ይተነፍሳል። ጊዜ ካላችሁ ጥቂት ሴሎች ዘርታችሁ ከ10 እስከ 14 ቀን ስንቱ ተባዝቶ ኮሎኒ (የሴል ክምር) እንደመሠረተ ቁጠሩ። እሱ አይዋሽም።

ብርሃን ብቻ ያገኙት ከሞቱ ዩቪቢን፣ ሙቀትን ወይ ያልተቀየረ ሚዲያን ጠርጥሩ። መድኃኒት ብቻ ያገኙት ከሞቱ ዲኤምኤስኦውን እዩ፣ የክፍሉን መስኮትም እዩ። ሁለቱም ደህና ሆነው አብረው ሲሰጡ ብቻ ከሞቱ እንኳን ደስ ያላችሁ። በተወሰነ ክልል ውስጥ የመድኃኒቱ መጠንና የጁሉ መጠን ተባዝተው የሚመጣው ቁጥር ነው ውጤቱን የሚመራው። 1 ማይክሮሞላር በ2 ጁል እና 2 ማይክሮሞላር በ1 ጁል ተቀራራቢ ካልሆኑ ልኬታችሁን ደግማችሁ ፈትሹ።

ደረጃ 8፦ ሁለት መብራት ለማወዳደር

1 ጁል ከቲዩብና 1 ጁል ከ365 ኤልኢዲ እኩል አይደሉም። ሁለት ሰው እኩል ብር ይዞ ገበያ ቢወጣም አንዱ ሸማ አንዱ ጤፍ ይገዛል። ቲዩቡ ከ320 እስከ 340 ባለው ውስጥ ድርሻ ስላለው በአንድ ጁል የበለጠ ሶራለን ያነቃል። ስለዚህ መብራት ስታወዳድሩ በእኩል ጁል አትቁሙ። ለእያንዳንዱ መብራት ሙሉ የመጠን መስመር ሥሩና ግማሹን ሴል የሚገድለውን ጁል አወዳድሩ።

አሁን ወደ ሁለቱ ፎቶን እንመለስ። የመጀመሪያውን ደረጃ ከሁለተኛው መለየት ይቻላል። መድኃኒቱ እያለ በ405 አብሩ፣ ሶራለኑ በአንድ በኩል ብቻ ይጣበቃል። ያልተጣበቀውን በደንብ አጥባችሁ አውጡ። ከዚያ ግማሹን ፕሌት በ365 ድገሙት። አሁን የሚሠራው ቀድሞ የተጣበቀው ብቻ ነው፣ ሁለተኛ ጫፉን ይይዛል። በሁለቱ ግማሾች መካከል ያለው ልዩነት የመርፌ ቁልፉ ዋጋ ነው። 365 ብቻ ያገኘ ኮንትሮልም አትርሱ። ያቺ የጥፍር ማድረቂያ ይዛ የመጣችው ተማሪ ኤልኢዲዎቹን ለያይታ፣ 405ቱን ለብቻ አብርታ ይህን እንድትሠራ ሐሳብ ሰጥቻታለሁ። የእህቷን ማሽን መክፈት ግን እሷና እህቷ ይነጋገሩበት።

አንድ የቀረ ነገር፦ ቲዩብ ያረጃል። ዓይን አይለየውም፣ ሐምራዊው ቀለም ያው ነው፣ ጨረሩ ግን ይቀንሳል። የእኛ መብራት ጎን ላይ በክር የታሰረ ደብተር አለ። ቀኑን፣ የበራበትን ሰዓት፣ 9ኙን ንባብ፣ ማን እንደሠራ እንጽፍበታለን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «የሁዱን መብራት አትንኩ» ይላል። ጽሕፈቱ የዚያ ሰኞ ተማሪዬ ነው።